ሁለተኛው ብረት

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ስልኬ ጮኸ። ስመኝ ነበረች፤ ድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ ቡሬ ላይ የራሷን ቶርኖ ቤት ከፍታ ሰባት ወጣቶች የምታሠራ ሴት። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱን ሳስተምር ነው።

"መምህር፣ ለልጆቼ አሠልጣኝ እፈልጋለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ይመጣሉ?" አለችኝ።

እንዴት አልመጣም! ንግግሯን ሳላስጨርሳት "መጣሁ" አልኩ። እሷ ግን ሳቅ እያለች ቀጠለች።

"ፈተና አለው እኮ። እንደማንኛውም ሰው ተፈትነው ነው የሚገቡት።"

ስልኩን ዘግቼ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ባለቤቴ "ምን ሁነሃል? ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?" አለችኝ። "ልፈተን ነው!" ብላት ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ትሳቅ። ጡረታ ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም፤ ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ማጣት ከባድ ሥራ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቤታችንን የበር መቆለፊያ ሁሉ ፈትቼ ገጥሜ ነበር፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አይዘጉም።

ደስታዬ ግን ፍርሃት የተቀላቀለበት ነበር። ሠላሳ ዓመት ስፈትን ኖሬ፣ በስልሳ ዓመቴ እጄ ሥራ ያውቃል ወይስ ሲያስተምር ብቻ ነው የኖረው የሚለው ጥያቄ መጣብኝ። ከዚህም በላይ ፈታኟ ስመኝ ናት። ስመኝ ከዓመታት በፊት እዚያው ቡሬ ላይ በኔ ጥፋት ፈተና ወድቃለች። በሷ ፊት ብወድቅ ሥራውን ብቻ አልነበረም የማጣው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጋሽ ተገኘ ልጀምር፤ ሙያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተቀጠርኩት በብር ወንዝ አካባቢ በነበረ አንድ የእርሻ ጋራዥ ነው። ትራክተር፣ ማረሻና የውኃ ፓምፕ ይጠገንበት ነበር። ደሞዟ ለሽሮና ለጫማ ትበቃለች፤ ስለሷ ሌላ የማወራው የለኝም። ጋሽ ተገኘ የቶርኖው ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸውን እንደ ካባ የሚያከብሩ ሰው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ለምን ትተው ብረት ቤት እንደገቡ ሲጠየቁ "ብረትም ቅኔ ነው፤ ልዩነቱ ሲወድቅ እግር ይሰብራል" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወደ ቶርኖዋ ጠጋ ብለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና "እንዴት አደሩ?" አሏት። እኔን መስሎኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"አንተን አይዶለም" አሉኝ። "እሳቸውን ነው።"

"ማሽን አንቱ ይባላል እንዴ ጋሽ?"

"በዕድሜ ይበልጡኛላ!"

ሰላምታው ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው ግን ቀልድ አልነበረም። ከቁርጥራጭ ብረት መካከል አንድ ክንድ የምታህል መርጠው ማሽኗ ላይ ያስራሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ አድርገው ይልጧታል፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፎች ውፍረት በሚለካው ካሊፐር ይለካሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማሽኗ በደህና አድራለች። ካልሆኑ የፈለገው ባለሥልጣን ትራክተሩን ቆሞ ቢጠብቅ ሥራ አይጀመርም። ያቺን ብረት "የጠዋት ብረት" ይሏታል። የዕለቱን ስም በጠመኔ ጽፈውባት መስኮቱ ላይ ይደረድሯታል። "ጠዋት ያልጠየቅኸው ማሽን ከሰዓት ያዋርድሃል" የዘወትር ቃላቸው ነበር።

ሁለት ልማድ ደግሞ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማሽኗ በራሷ መቁረጥ ከጀመረች በኋላ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። "እሷ ስትሠራ ያንተ እጅ ምን ያደርጋል?" ይሉኝ ነበር። ሌላው ከቅኔ ቤት ያመጡት ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው የደከመበትን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። ጋሽ ተገኘም ብረቴን ይዤ ስቀርብ ካሊፐር አይነኩም። "ንገረኝ" ይላሉ። ከየት እንደጀመርኩ፣ ስንት እንደቀነስኩ፣ የት እንደፈራሁ፣ የት እንደተሳሳትኩ መናገር አለብኝ። ለምን በካሊፐሩ አይለኩትም ስላቸው "ካሊፐሩማ የብረቱን ነው የሚነግረኝ፤ ያንተን አንተ ንገረኝ" አሉኝ።

ጋራዡ ሲዘጋ መራዊ ሄጄ ሁለት ዓመት የመስኖ ፓምፕ ጠገንኩ። ከዚያ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ በነበረች አነስተኛ የሙያ ማሠልጠኛ በመምህርነት ተቀጠርኩ። ማሠልጠኛዋ ዛሬ የለችም። ዳይሬክተራችን ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ። "ስንት ሰው አሠለጠንክ?" ይሉኛል። ስንቱ ሥራ ገባ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

የነበረችን አንዲት ቶርኖ ናት። ከመኪና ሲያወርዷት ወድቃ አልጋዋ፣ መቁረጫው የሚሄድበት ሐዲድ ማለት ነው፣ በመጠኑ ተጣሞ ነበር። ልጆቹ "አሮጊቷ" ይሏታል። ብረት ስትልጥ መጀመሪያ ላይ ጠለቅ ብላ ትቆርጥና ከመሃል በኋላ ትሰንፋለች፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው በጣም በጥቂቱ ይወፍራል። አልጋውን የሚያቃና ባለሙያ አልተገኘም። እኔ ግን መድኃኒት አገኘሁላት። መቁረጫው መሃል ላይ ሲደርስ እጀታዋን ግማሽ መስመር ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ! እጀታዋ ላይ መጠን የሚያሳዩ ደቃቅ መስመሮች አሉ፤ የአንዷ ግማሽ ብቻ። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ይወጣል። በዚህ ዘዴዬ እንዴት እኮራ ነበር! ለተማሪዎቼም አስተማርኩት። በዓመቱ መጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው "ግማሽ መስመር" ያደርጉ ነበር።

የጠዋቱን ብረት ተውኩት። ብረት ከመጋዘን የሚወጣልን በጭንቅ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ ደግሞ የአሮጊቷን በሽታ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ምን ብዬ ልጠይቃት?

ስመኝ የመጣችው ያኔ ነው። የሽንዲ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። ጓደኞቿ ልብስ ስፌት ሲመዘገቡ እሷ በወርክሾፑ በር ቆማ "ይኸ ብረቱን እንደ ድንች የሚልጠው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። "እኔ እዚህ ነኝ" አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወርክሾፕ የምትወጣው በግድ ነበር። እጇ የረጋ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ነበረች። አንድ ቀን ሰው ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ እጀታውን እንደያዘች ዘወር አለችና ጠየቀችኝ።

"መምህር፣ ግማሽ መስመር የምንጨምረው ለምንድን ነው?"

"የሥራው ወግ ነው። ዝም ብለሽ ጨምሪ" አልኳት።

የማሽኗ በሽታ ነው ለማለት አምስት ቃል አይፈጅም ነበር። ቸኩዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ስለቅም ዓመታት ፈጀብኝ።

በዚያው ዓመት ቡሬ ላይ አንድ የመለዋወጫ ማምረቻ ወርክሾፕ ስድስት የቶርኖ ሠራተኛ እንደሚቀጥር ተሰማ። ስድስት! ጉድ ነው አልኩ። ከተማሪዎቼ ምርጦቹን ስድስት አሰልፌ፣ ከሁሉም ስመኝን ተስፋ አድርጌ፣ በሚኒባስ ቡሬ ገባን። የወርክሾፑ አለቃ አቶ ላቀው ይባላሉ፤ ፊታቸው የማይፈታ፣ ንግግራቸው አጭር። ፈተናው ቀላል ነው። ከብረት ዘንግ ይሠራል፤ በሁለቱም ጫፍ ኩሽኔታ ይገባበታል። ኩሽኔታ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት ነው፤ ዘንጉ ፀጉር ታህል ከቀጠነ ይላወሳል።

"ለአንድ ሰው አንድ ብረት" አሉ አቶ ላቀው። "ከብረት የተቀነሰ አይመለስም።"

የመጀመሪያው ልጅ ጨረሰ። ኩሽኔታው በአንደኛው ጫፍ ልክክ ብሎ ገባ፤ በሌላኛው ተላወሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው መሃል ላይ ሲደርስ የእጁን ንቅናቄ አየሁ። ግማሽ መስመር! የአቶ ላቀው ማሽን ጤነኛ ናት። ልጆቼ ያልታመመችውን መድኃኒት እየሰጧት ነው። የስመኝ ተራ ሲደርስ መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። የሷም የሌሎቹም ዘንግ ተላወሰ።

"እጅ የላቸውም" አሉ አቶ ላቀው።

ስመኝ ቀና አለች። "መምህራችን እንዳስተማሩን ነው የሠራነው" አለችና ወደ እኔ ተመለከተች።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰው ሁሉ ይሰማል፤ የማሠልጠኛው ስም አለ፤ የኔም ስም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን እዚያው በቆምኩበት ነቀዘ። ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም መለሰን። ስመኝ ስትወርድ "እናመሰግናለን መምህር" አለችኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ሙያውን ልትተው እንደሆነ፣ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ዕቃ ለማጠብ እንደተስማማች ሰማሁ።

ጋሽ ተገኘ ያኔ ጡረታ ወጥተው ጅጋ ይኖሩ ነበር። ስደርስ ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ ይኮተኩታሉ። ፊቴን አይተው መኮትኮቻውን አስቀመጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ንገረኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከየት እንደጀመርኩ፣ የት እንደፈራሁ፣ የት ዝም እንዳልኩ።

"የጠዋት ብረቱንሳ?"

"ትቼዋለሁ ጋሽ።"

የእጃቸውን አፈር አራገፉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። "እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ ሦስት መምህር ቀይሬያለሁ። ለምን መሰለህ? አንድ መምህር ዘንድ ብቻ የከረመ ተማሪ የመምህሩን ሳል ሳይቀር ይማራል። የትኛው ቅኔ፣ የትኛው ሳል እንደሁ የሚለየው ሌላ ቤት ሲገባ ነው። ያንተ ልጆች አንድ ቤት ብቻ ነው የከረሙ። የማሽኗን ሳል አስተምረሃቸዋል።"

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። "አሁን ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"ለኔ የነገርኸኝን ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ከዚያ ለልጅቱ። እኔማ ምን አደርግልሃለሁ፣ ጌሾ ኮትኳች ነኝ።"

በማግስቱ አቶ ላቀው ፊት ቆምኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጆቹ እጅ ምንም አልጎደለውም፣ ሁለተኛ ብረት ይስጧቸው አልኩ። ሰውዬው ፊታቸው አልተፈታም።

"ያን ቀን አፍዎት የት ነበር?" አሉኝ።

"ፈርቼ ነው።"

"ስድስት ሰው እኩል ሲሳሳት እኔም መጠርጠር ነበረብኝ" አሉ በመጨረሻ። "ቅዳሜ ይምጡ። ጠዋት ማሽኑን ይልመዱት፤ ከሰዓት እፈትናቸዋለሁ። ሦስተኛ ብረት ግን የለም።"

ከስድስቱ ሁለቱን አላገኘኋቸውም። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤ አንዱ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ያኔ ስልክ እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም። ሥራ የሚያስገባ እጅ ነበራቸው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁባቸው።

ስመኝን ፍለጋ ሽንዲ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥታ በእጇ ታገላብጣለች። እናቷ "ምነው በደህና መምህር?" ብለው በርጩማ አወጡልኝ። አልተቀመጥኩም። እናቷ ባሉበት ጥፋቱ የኔ ነው አልኩና የአሮጊቷን በሽታ፣ የግማሽ መስመሯን ምክንያት ነገርኳት። ስመኝ በርበሬዋን ማገላበጥ አላቆመችም።

"ያኔ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"ቸኩዬ።"

"ቡሬሳ? አይቼዎት መሬት መሬት አዩ።"

"ፈርቼ።"

አሁን እጇን አነሳች፤ እስከ አንጓዋ ቀልቷል። "ሳምንቱን ሙሉ ይኸን እጄን ስረግመው ነበር መምህር።"

"እጅሽ ምንም አላጠፋ። እኔ ያልኩትን ነው ያደረገ።"

እናቷ ጣልቃ ሊገቡ ሲሉ ተዉ ብላ በዓይኗ ከለከለቻቸው። "የማሽኑ ጤንነት በምን ይታወቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ስትጠይቅ እንደምትመጣ አወቅሁ! የበቆሎ አገዳ አንስቼ እዚያው በርበሬው አጠገብ የጠዋቱን ብረት አስተማርኳት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ ልጠት፣ ሁለቱን ጫፎች መለካት፣ ማመሳከር። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። እናቷ ሳይቀሩ "ኧረ ይኸማ ገባኝ" አሉ።

ቅዳሜ አራቱ መጡ። ስመኝ ማንም ሳያዛት ከቁርጥራጩ ሣጥን ብረት አንስታ አሰረች፣ ላጠች፣ ለካች። አቶ ላቀው ከሩቅ ያያሉ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው። ከሰዓት ፈተናው ተጀመረ። ማሽኗ መቁረጥ ጀመረች፤ መቁረጫው ወደ መሃል ተጠጋ። የስመኝ ቀኝ እጅ ወደ እጀታው ሄደ። እጇን እንደ ሰው ገላመጠችውና ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እስኪያልቅ አላወጣችውም።

ኩሽኔታው በሁለቱም ጫፍ ልክክ አለ። መጮህ አማረኝ፤ ጮህኩም መሰለኝ።

"ይቺ የማን ተማሪ ናት?" አሉ አቶ ላቀው።

"የጋሽ ተገኘ" አልኩ።

ሌሎቹም ሁለት አለፉ። አራተኛው አላለፈም፤ ብየዳ ተምሮ ዛሬ ጅጋ ላይ የሚያማምር የብረት በር ይሠራል።

ሥራዬን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው ብል አላጋነንኩም። ልጆቼን እንደ ቅኔ ተማሪ ማዞር ጀመርኩ። ጅጋ ወፍጮ ቤት ያለች ቶርኖ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ደምበጫ ጋራዥ ሁለት ሳምንት፣ ቡሬ አቶ ላቀው ዘንድ ሁለት ሳምንት። ዳይሬክተሩ "ተማሪ ከግቢ ወጥቶ ምን ሊማር? ሪፖርቱስ በምን ይሞላል?" ብለው ተቆጡ። ሪፖርቱን እኔ እሞላለሁ አልኳቸው፤ ሞላሁም። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ተመልሰው ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ የሄደበትን ማሽን ጠባይ ይነግረናል። "የደምበጫዋ ጠዋት ጠዋት ትኮራለች፤ ሞቅ ሲላት ነው የምትስተካከል።" "የጅጋዋ በግራ በኩል ታነክሳለች።" እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! አሮጊቷም ማዕረግ አገኘች፤ ከዚያ በኋላ የማስተምርባት በሽታን መለየት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አሠሪዎች ራሳቸው እየደወሉ ልጅ ላክልን ይሉኝ ጀመር። የላኩት ሁሉ ተቀጥሯል አልልም፤ ማሽኑን ሳይጠይቅ የጀመረ ግን አልነበረም።

ዘመኑም ተለወጠ። ማሠልጠኛዋ ታጥፋ እኔ ሌላ ቦታ ስዛወር ልጆቹ የዕቃውን ሥዕል በኮምፒውተር የሚሠሩ፣ ማሽኑ ራሱ አንብቦ የሚቆርጥ ሆነ። ሽማግሌ ነኝና ላማርር ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ባየሁት ቁጥር እንደ ልጅ ነው የሚያደርገኝ። አዲሱን ማሽን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግን "የጠዋት ብረት ይፈልጋል?" ብዬ ጠየቅሁ። ይፈልጋል።

ጋሽ ተገኘ ይህን ሳያዩ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ያለፈው ሐሙስ፣ የጥንት ሰማያዊ ቱታዬን ለብሼ ቡሬ ወረድኩ። የስመኝ ቶርኖ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ክንድ ክንድ የሚያካክሉ ብረቶች ተደርድረዋል፤ በጠመኔ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ይላሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ደህና መጡ መምህር" አለች ስመኝ። ጉልበቴን ስማ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ፊቷ እንደ አቶ ላቀው ሆነ። ሰባቱ ወጣቶች ዙሪያውን ቆመዋል፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። ብረቱ ተሰጠኝ። ዘንግ፣ ሁለት ኩሽኔታ። ያው ፈተና።

ወደ ማሽኗ ጠጋ ብዬ "እንዴት አደሩ?" አልኳት። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ስመኝ አልሳቀችም። ቁርጥራጭ ጠይቄ ላጥኩ፣ ሁለቱን ጫፎች ለካሁ። ጤነኛ ናት! ደስ ብሎኝ የፈተናውን ብረት አሰርኩና አስጀመርኩት። ቅርፊቱ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ድምፁ፣ የዘይቱ ሽታ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቤቴ የተመለስኩ አስመሰለኝ። መቁረጫው መሃል ላይ ደረሰ።

እጄ ግማሽ መስመር ጨመረ።

አላዘዝኩትም። አሮጊቷ ላይ የለመደውን ነው ያደረገ። እያወቅሁ፣ ማሽኗን ጠይቄ፣ ጤነኛ መሆኗን በካሊፐር አይቼ! ማንም ያየኝ አልመሰለኝም፤ ንቅናቄዋ ትንሽ ናት። ማሽኗ እስኪያልቅ ቆረጠች። ብረቱን ፈትቼ ለስመኝ ሰጠኋት። ካሊፐሩን አልነካችም።

"ይንገሩኝ" አለች።

ወጣቶቹ ያዩኛል፤ ስልኩ ይቀርጻል። ቡሬ ነው፤ ያኔም ቡሬ ነበር። መሬቱን አላየሁም። እሷን አየሁ።

"ከመሃል ላይ ግማሽ መስመር ጨምሬያለሁ" አልኩ። "ማሽንሽ ደህና ናት። አሮጊቷ ላይ የለመድኩት ነው። እጄ ነው ልል ነበር፤ እኔ ነኝ። ኩሽኔታው በዚህኛው ጫፍ ይላወሳል።"

ስመኝ ብረቱን ሳትለካው አስቀመጠችው። ፊቷን ወደ ወጣቶቹ አዞረች፤ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ሌላ ብረት አውጥታ ፊቴ አኖረች።

"የቤቱ ደንብ ነው" አለች። "እዚህ ለሁሉም ሰው ሁለት ብረት ነው።"

ሁለተኛውን አሰርኩ። መቁረጫው ወደ መሃል ሲጠጋ ቀኝ እጄን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ይህን ከጋሽ ተገኘ አይደለም፣ ከሷ ነው የተማርኩት። ኩሽኔታዎቹ ሁለቱም ልክክ አሉ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ለራሴ ማጨብጨብ ነውር መሆኑን ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው።

"ሰኞ በሁለት ሰዓት ይጀምራሉ" አለችኝ ስመኝ። "እንዳያረፍዱ።"

ዛሬ እሑድ ነው። እኔ ግን እንዳላረፍድ ቅዳሜ ነው ቡሬ የገባሁት።